ለአማተር የሞተር ስፖርት ተወዳዳሪዎች፦ ሄልሜትና የደህንነት መሣሪያ እንዴት እንደሚመረጥ

በራሱ መኪና የውድድር ትራክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመንዳት የተመዘገበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚያስበው ስለ ጎማው፣ ስለ ፍሬን ሸራውና ስለ ሞተር ዘይቱ ነው። የሄልሜቱ ጉዳይ ወደ መጨረሻ ይገፋና ዝግጅቱ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ከጓደኛ ይዋሳል፣ ወይም ዋጋው ቀነስ ያለው ተፈልጎ በችኮላ ይገዛል። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። መኪናውን የሚያፈጥነው ዕቃ ሁሉ ሊቆይ ይችላል፤ ራስንና አንገትን የሚጠብቀው ግን ከመጀመሪያው ዙር በፊት ተመርጦ፣ ተለክቶና ተፈትሾ ማለቅ አለበት።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በትርፍ ጊዜያቸው ለሚለማመዱና ለሚወዳደሩ ሰዎች ነው፤ ለምሳሌ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ እየኖሩ ቅዳሜና እሁድ ዌስት ቨርጂኒያ ወደሚገኘው ሰሚት ፖይንት ትራክ ለሚሄዱ፣ በሰፊ የመኪና ማቆሚያ ላይ በኮኖች መካከል በየተራ የሚነዳበትን አውቶክሮስ ለሚሞክሩ፣ በዱባይ አውቶድሮም ካርቲንግ (በትንሽ ክፍት የውድድር መኪና የሚደረግ ውድድር) ለሚነዱ፣ ወይም በሞተር ሳይክል ወደ ትራክ ለመግባት ለሚያስቡ። የሚያስፈልገው መሣሪያ እንደ ዝግጅቱ ዓይነት ስለሚለያይ ማንኛውንም ነገር ከመግዛት በፊት የአዘጋጁን ክለብ የደህንነት ደንብ አግኝቶ ማንበብ ይገባል፤ በጠዋት የቴክኒክ ምርመራ ላይ ሄልሜቱ ተቀባይነት አጥቶ የሚመለስ ሰው የሚከስረው የመመዝገቢያ ክፍያውን ጭምር ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በመሣሪያዎቹ ላይ የሚታተሙትም በዚያው አቆጣጠር ነው።

ከቀለሙና ከስሙ በፊት መለያው

ሄልሜት ሲገዙ መጀመሪያ የሚጠየቀው የትኛውን ፈተና እንዳለፈ ነው፤ የማን ምርት እንደሆነ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። መልሱ የሚገኘው በሄልሜቱ ውስጥ በተለጠፈው መለያ ላይ ሲሆን፣ በአሜሪካ የአማተር ክለቦች ዘንድ በብዛት የሚጠየቀው የስኔል መለያ ነው። የስኔል መታሰቢያ ፋውንዴሽን የተቋቋመው በ1957 ሲሆን ስሙን ያገኘው ከአንድ ዓመት በፊት በውድድር ላይ በደረሰበት የራስ ጉዳት ከሞተው ዊሊያም «ፒት» ስኔል ነው። ፒት ስኔል ባለሙያ ሻምፒዮን አልነበረም፤ እንደ እኛው አማተር ተወዳዳሪ ነበር። ዛሬ በሄልሜታችን ውስጥ የምናየው መለያ የመጣው ከዚያ ሞት ነው፤ ይህም መለያውን እንደ ቢሮክራሲ ለሚያዩ ሰዎች ደጋግሜ የማነሳው ነገር ነው።

ስኔል ደረጃዎቹን በፊደል ይለያቸዋል። ኤስኤ ለመኪና ውድድር፣ ኤም ለሞተር ሳይክል፣ ኬ ለካርቲንግ የተዘጋጀ ነው። ከፊደሉ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ደረጃው የወጣበትን ዓመት ያሳያል፤ ኤስኤ2015፣ ኤስኤ2020 እና ኤስኤ2025 እንደሚሉት ዓይነት ማለት ነው። የኤስኤ ደረጃ በየአምስት ዓመቱ ስለሚታደስ አብዛኞቹ ክለቦች የሚቀበሉት ሥራ ላይ ያለውንና ከእሱ በፊት የነበረውን ነው። በቅናሽ የቀረበ ኤስኤ2020 መጥፎ ሄልሜት አይደለም፤ ነገር ግን በክለቦች ዘንድ ተቀባይነት የሚኖረው ከኤስኤ2025 ባነሰ ጊዜ ስለሆነ ቅናሹ ያንን የሚያካክስ መሆኑን ማስላት ያስፈልጋል።

በኤስኤና በኤም መካከል ያለውን ልዩነት በሚገባ መረዳት ጠቃሚ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ቤቱ ያለውን የሞተር ሳይክል ሄልሜት ይዞ ለመምጣት ይፈልጋል። የኤስኤ ሄልሜት የእሳት ፈተና ያልፋል፤ ሽፋኑም ሆነ የውስጥ ጨርቁ ነበልባል ሲነካው በቀላሉ እንዳይቀጣጠል ተደርጎ ይሠራል። ኤም ይህ ፈተና የለውም። ሁለተኛ፣ መኪና ውስጥ ያለ ሰው ራሱን ከሚያጋጨው ነገር አንዱ ጣሪያው እንዳይደረመስ ውስጡ የሚገጠመው፣ ከብረት ቧንቧ የተሠራው ሮል ኬጅ ስለሆነ፣ ኤስኤ በዚያ ቅርጽ ባለው ብረት ላይ ተደጋግሞ ይመታል። ሦስተኛ፣ ኤስኤ የዓይን መስኮቱ ጠበብ ያለ እንዲሆን ይፈቅዳል፤ መኪና ውስጥ ላለ ሰው ይህ ችግር የለውም፣ በሞተር ሳይክል መንገድ ላይ ለሚነዳ ግን ከጎን የሚመጣውን ማየት ግድ ነው። ስለዚህ ሁለቱ የተሠሩት ለተለያየ አደጋ ነው፤ አንዱ ከሌላው ይበልጣል ብሎ ማወዳደር ትርጉም የለውም። ብዙ የአውቶክሮስ ክለቦች ኤም ይቀበላሉ፤ ይሁን እንጂ ከአውቶክሮስ ወደ ትልቅ ትራክ የመሄድ ሐሳብ ያለው ሰው ከመጀመሪያው ኤስኤ ቢገዛ ሁለት ጊዜ ከመክፈል ይድናል። ተመጣጣኝ የሆነ የኤስኤ ሄልሜት በአሜሪካ ገበያ በ300 ዶላር አካባቢ ይገኛል።

የዲኦቲ (የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) ምልክት ብቻ ያለበት ሄልሜት ለመኪና ትራክ በቂ ተደርጎ አይወሰድም። ምልክቱ በአሜሪካ መንገድ ላይ ለሞተር ሳይክል ነጂዎች የሚጠየቀውን ሕጋዊ ዝቅተኛ መስፈርት የሚያሳይ ሲሆን፣ ምርቱ መስፈርቱን ማሟላቱን የሚያረጋግጠው አምራቹ ራሱ ነው፤ መንግሥት የሚመረምረው ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ ናሙና እየወሰደ ነው። የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን የኤፍአይኤ ደረጃዎች ደግሞ በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሚካሄዱ ውድድሮች በስፋት ይጠየቃሉ። 8859-2015 የሚለው ለአማተር የሚመጥን ሲሆን፣ ፎርሙላ ዋን ነጂዎች የሚጠቀሙበት 8860-2018 እጅግ ጠንካራና ውድ ነው። የኋለኛውን መግዛት የሚችል ሰው ቢገዛው ጥሩ ነው፤ ለጀማሪ ግን ያ ገንዘብ ወደ አንገት መከላከያው ቢሄድ የበለጠ ያድነዋል።

የስኔል መለያ ብዙውን ጊዜ የሚለጠፈው ከለስላሳው የውስጥ ስፖንጅ ሥር ስለሆነ ስፖንጁን ቀስ ብሎ ገለጥ ማድረግ ያስፈልጋል። መለያው የራሱ ተከታታይ ቁጥር አለው። በኢንተርኔት የሚሸጥ ሰው የውጭውን ፎቶ ብቻ ከላከ የመለያውን ፎቶ ይጠይቁ፤ ካመነታ ይተዉት። ስኔል ያጸደቃቸውን ሞዴሎች ዝርዝር በድረ ገጹ ስለሚያወጣ የሞዴሉን ስም ከዚያ ማመሳከር ይቻላል። ታዋቂ ስም ተለጥፎባቸው በማይታመን ዋጋ የሚሸጡ ፎርጅድ ሄልሜቶች በብዛት ስላሉ ይህን ማድረግ አስፈላጊ ነው።

ፊትን የሚሸፍነውን ወይስ ክፍቱን የሚለው ጥያቄ ብዙ ሊያከራክር አይገባም። አንዳንድ ክለቦች ጣሪያ ባለው መኪና ክፍት ሄልሜት ቢፈቅዱም የሚመረጠው አገጭን ጭምር የሚሸፍነው ነው። ቫይዘሩም (ዓይንን የሚሸፍነው ግልጽ ክፍል) ተራ ፕላስቲክ ተደርጎ መታየት የለበትም። በጁላይ 2009 በሃንጋሪ ግራንድ ፕሪ የማጣሪያ ሙከራ ላይ ከፊቱ ካለ መኪና የወደቀ ስፕሪንግ የፎርሙላ ዋን ነጂውን የፌሊፔ ማሳን ሄልሜት ከግራ ዓይኑ በላይ መትቶት ለከባድ ጉዳት ዳርጎታል፤ ከዚያ በኋላ በ2011 በፎርሙላ ዋን የቫይዘሩን የላይኛ ክፍል የሚሸፍን የዛይሎን (ጠንካራ ሰው ሠራሽ ክር) ንጣፍ ግዴታ ሆኗል። አማተር ትራክ ላይ የሚበረው ብዙውን ጊዜ ጠጠር ነው፤ መስኮት ከፍቶ የሚነዳ ሰው ቫይዘሩን መዝጋት አለበት የሚባለውም ለዚህ ነው።

ልኩ

ከልክ ውጪ የሆነ ሄልሜት መለያው የቱንም ያህል ከፍ ያለ ቢሆን አያድንም። በግጭት ጊዜ ጉልበቱን የሚቀበለው ከለስላሳው ስፖንጅ ሥር ያለው ጠንካራ ፎም ነው። ፎሙ እየተጨፈለቀ ራስ የሚቆምበትን ጊዜ ያረዝማል። ሰፊ ሄልሜት ውስጥ ግን ራስ መጀመሪያ ባዶውን ቦታ አልፎ ከፎሙ ጋር ስለሚጋጭ ጥቅሙ ይቀንሳል፤ ሄልሜቱም ዞሮ ዓይንን ሊሸፍን ወይም ከነአካቴው ሊወልቅ ይችላል።

ለመለካት የልብስ ሰፊ ሜትር ወስደው ከቅንድብዎ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ አድርገው፣ ከጆሮ በላይ አሳልፈው፣ ከኋላ ጎላ ባለው የራስ ክፍል ላይ ያዙሩት። ሁለት ሦስት ጊዜ ለክተው ትልቁን ቁጥር ይያዙና በአምራቹ የልክ ሰንጠረዥ ላይ ይፈልጉት፤ የአንዱ ኩባንያ ሚዲየም የሌላው ላርጅ ሊሆን ስለሚችል በፊደሉ ብቻ አይመሩ። የፀጉር ጉዳይ በእኛ ዘንድ የተለየ ትኩረት ይፈልጋል። ሹሩባ፣ ድሬድ ወይም አፍሮ ያለው ሰው መለካትም ሆነ መሞከር ያለበት ትራክ ላይ በሚሆንበት የፀጉር አሠራር ነው። ወደ ኋላ የተቋጠረ ሹሩባ ሄልሜቱን ከማጅራት ላይ ከፍ አድርጎ ወደ ግንባር ይገፋዋል፤ አፍሮ ደግሞ ሄልሜቱን መጀመሪያ ጥብቅ አስመስሎ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይላላል። ጥሩው መላ ከራስ ቅል ጋር ተጠግቶ የተሠራ፣ ከባድ ጨሌ ወይም ብረት የሌለበት ቀጭን ሹሩባ ነው፤ በላዩ ላይ እሳት የሚቋቋመው የራስ ሽፋን ሲለበስም ይመቻል።

ሲያጠልቁት የአገጭ ማሰሪያዎቹን ይዘው ወደ ጎንና ወደ ጎን እየጎተቱ ያስገቡት። ለመግባት አስቸጋሪ ሆኖ ከገባ በኋላ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ከያዘ መልካም ምልክት ነው። ጉንጭ ወደ ውስጥ ገፋ ማለት አለበት፤ ሲያላምጡ የጉንጭዎን ውስጠኛ ክፍል ሊነክሱ የደረሱ መስሎ ከተሰማዎት ልኩ ትክክል ነው። ከዚያ አገጩን በእጅዎ ይዘው ሄልሜቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዙሩት፤ የቅንድብና የግንባር ቆዳዎ አብሮ መንቀሳቀስ አለበት። ሄልሜቱ ብቻውን ተንሸራቶ ቆዳው በቦታው ከቀረ ሰፊ ነው። በመጨረሻ ማሰሪያውን አጥብቀው ሌላ ሰው ከኋላ የታችኛውን ጠርዝ ይዞ ወደ ላይና ወደ ፊት እንዲገፋው ያድርጉ። ከወለቀ ወይም ዓይንዎን ከሸፈነ ያ ሄልሜት የእርስዎ አይደለም።

ይህን ሁሉ ካለፈ ቤት ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ለብሰውት ይቆዩ። ሲያወልቁት ግንባርዎ መካከል ላይ የቀላ ነጥብ ካዩ፣ ወይም ግንባርዎን እየወጋ ከጎንና ከጎን ግን ክፍት ከሆነ፣ ችግሩ የቁጥሩ ሳይሆን የቅርጹ ነው። የሰው ራስ ክብ፣ ሞላላ ወይም በመካከላቸው ያለ ቅርጽ አለው፤ አምራቾችም እንዲሁ የተለያየ ቅርጽ ይሠራሉ። አንድ ቁጥር ከፍ ማለት ግንባሩን ቢያሳርፍም ጎኑን የበለጠ ያሰፋዋል፤ መፍትሔው ሌላ ሞዴል መሞከር ነው። መነጽር የሚያደርጉ ሰዎችም ከነመነጽራቸው መሞከር አለባቸው። የስፖንጁ ክፍል በአጠቃቀም ትንሽ ላላ ስለሚል ከሁለት ልክ መካከል ላይ ያለ ሰው ህመም እስካልሆነበት ድረስ ጠባቡን ይምረጥ።

ለልጅ ሲገዛ፣ ለከርሞም ይሆነዋል ተብሎ ተለቅ ያለ ጫማ እንደሚገዛው ሄልሜት መግዛት ፈጽሞ አይገባም። የልጅ አንገት ገና ስላልጠነከረ የሄልሜቱ ክብደት ራሱ አደጋ ነው፤ ስኔልና ኤፍአይኤ በጋራ ለልጆች ካርቲንግ ያወጡት ሲኤምአር2016 የተባለ ቀለል ያለ ደረጃ ያለውም ለዚህ ነው። ልጁ ሲያድግ ሌላ ይገዛለታል፤ ወጪው የሚያስቸግር ከሆነ ልጁን የሚያስለጥነው የካርቲንግ ቦታ በልኩ የሚያከራይ መሆኑን መጠየቅ ይሻላል።

አንድ የመጨረሻ ነገር፦ ሄልሜቱን ለብሰው መኪናዎ ውስጥ ይቀመጡ። ሰንሩፍ (የሚከፈት የጣሪያ መስኮት) ያለው መኪና ጣሪያው ዝቅ ስለሚል ረጅም ሰው ራሱ ጣሪያውን ሊነካ ይችላል። ሦስቱንም መስታወቶች ማየት መቻልዎን፣ ራስዎም በአቅራቢያው ካለ ብረት መራቁን ያረጋግጡ።

አንገት፣ ቀበቶና ወንበር

ሄልሜት የሚከላከለው ራስ ከአንድ ነገር ጋር ሲጋጭ ነው፤ ነገር ግን ራስ ምንም ሳይነካ ሰው የሚሞትበት አደጋ አለ። መኪናው ፊት ለፊት ከግድግዳ ሲጋጭ የትከሻ ቀበቶ ደረትን ከወንበሩ ጋር አጥብቆ ይይዛል፤ ራስ ግን ከሄልሜቱ ክብደት ጋር ወደ ፊት መሄዱን ይቀጥላል፣ የሚያስቀረውም አንገት ብቻ ነው። ጉልበቱ ከበረታ የራስ ቅል ከአከርካሪ ጋር የሚገናኝበት መሠረቱ ይሰበራል። የአሜሪካው የመኪና ውድድር የናስካር ዝነኛ ተወዳዳሪ ዴል ኧርንሃርት ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2001 በዴይቶና 500 የመጨረሻ ዙር ላይ የሞተው በዚህ ዓይነት ጉዳት ነው።

በጣም የሚያሳዝነው ደግሞ መፍትሔው ያኔ ከተገኘ ብዙ ዓመታት አልፈውት የነበረ መሆኑ ነው። በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የባዮሜካኒክስ ምሁር የነበረው ሮበርት ሃባርድና ተወዳዳሪ የነበረው የሚስቱ ዘመድ ጂም ዳውኒንግ ሃንስ የተባለውን መሣሪያ መሥራት የጀመሩት በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ናስካር የራስና አንገት መደገፊያን ግዴታ ያደረገው በኦክቶበር 2001፣ ፎርሙላ ዋን ሃንስን ግዴታ ያደረገው ደግሞ በ2003 ነው። ሃንስ ከትከሻ ላይ እንደ ሰፊ አንገትጌ የሚቀመጥ ጠንካራ አካል ያለው ሲሆን፣ የትከሻ ቀበቶዎቹ በላዩ ያልፋሉ፤ ከኋላው የሚነሱ ገመዶች በሄልሜቱ ግራና ቀኝ ካሉ ማያያዣዎች ጋር ይታሰራሉ። በግጭት ጊዜ ራስ ከደረት ጋር አብሮ ስለሚያዝ አንገት ብቻውን አይሳብም። ከኤስኤ2015 ጀምሮ ያሉ የኤስኤ ሄልሜቶች ለማያያዣው የሚሆነውን ጥርስ ያለው ቀዳዳ ይዘው ስለሚመጡ ራስዎ በመሰርሰሪያ የሚበሱት ነገር አይኖርም፤ ይህን በቤት ውስጥ ማድረግም ሄልሜቱን ያበላሸዋል። መደገፊያው የኤፍአይኤ 8858-2010 ወይም የኤስኤፍአይ (የውድድር መሣሪያ ደረጃ የሚያወጣ የአሜሪካ ድርጅት) 38.1 መለያ ይኑረው። ሃንስ እንደ ወንበሩ ጋደም ማለት በ20፣ በ30 እና በ40 ዲግሪ ይሠራል፤ ቀጥ ባለ ወንበር ለሚቀመጥ የተለመደ መኪና ነጂ አብዛኛውን ጊዜ የ20ው ይስማማዋል። ከስፖንጅ የተሠራ ክብ የአንገት ቀለበት ግን ይህን ሥራ አይሠራም።

እዚህ ላይ በአማተሮች ዘንድ በብዛት የሚታየው የተሳሳተ ውሳኔ ይመጣል። ሃንስ የሚሠራው ከትከሻ ቀበቶ ጋር ስለሆነ ከፋብሪካ የመጣው ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ ለእሱ አይሆንም። ይህን የሰማ ሰው ባለ አራት ነጥብ የውድድር ቀበቶ ገዝቶ ከኋላ ወንበር ማሰሪያ ላይ ያስራል፣ የፋብሪካውን ወንበር እንዳለ ይተዋል፣ ከጣሪያው ሥር የሚገባውን የብረት ቅስት (ሮል ባር) አይገጥምም። በዚህ መንገድ ከፊሉ ብቻ የተቀየረ መኪና ካልተቀየረው የባሰ አደገኛ ነው። ባለ አራት ነጥብ ቀበቶ በእግሮች መካከል የሚያልፈው ማሰሪያ ስለሌለው የትከሻው ክፍል ሲጠብቅ የወገቡን ቀበቶ ከዳሌ አጥንት ወደ ሆድ ይስበዋል፤ በግጭት ጊዜም ሰውነት ከሥሩ ሾልኮ ቀበቶው የሆድ ዕቃን ይጎዳል። ከኋላ ወንበር ሥር የታሰረ የትከሻ ቀበቶ ቁልቁል ስለሚወርድ አከርካሪን ወደ ታች ይጫናል። ለቀበቶ ማሳለፊያ ቀዳዳ የሌለው የፋብሪካ ወንበር ደግሞ ቀበቶው ከትከሻ ላይ እንዲንሸራተት ያደርጋል። መኪናው ሲገለበጥ ጣሪያው ከተደረመሰ በፋብሪካው ቀበቶ የታሰረ ሰው ወደ ጎን ዘንበል ሊል ይችላል፤ በውድድር ቀበቶ የታሰረ ሰው ግን ቀጥ እንዳለ ስለሚያዝ ጣሪያውን የሚቀበለው በራሱና በአንገቱ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው። ጀማሪ በመጀመሪያዎቹ የትራክ ቀናት በፋብሪካው ቀበቶ፣ በፋብሪካው ወንበርና በኤርባጉ፣ ጥሩ የኤስኤ ሄልሜት አድርጎ ይንዳ፤ ቀበቶው፣ ወንበሩና ኤርባጉ አብረው እንዲሠሩ ታስበው የተፈተኑ ናቸው። ፍጥነቱ ሲጨምርና ወደ ውድድር ሲያመራ ሮል ባር ወይም ሮል ኬጅ፣ የውድድር ወንበር፣ ቢያንስ ባለ ስድስት ነጥብ ቀበቶና የአንገት መደገፊያውን በአንድ ላይ ያስገጥም። ገንዘቡ ለሁሉም እስኪበቃ መቆጠብ ግማሹን ቀድሞ ከመግጠም ይሻላል። አሠልጣኝ አብሮዎት የሚቀመጥ ከሆነ ብዙ ክለቦች የተሳፋሪው ቀበቶና ወንበር ከነጂው ጋር እኩል እንዲሆን ስለሚጠይቁ ያንንም በወጪው ውስጥ ያስቡት።

ቀበቶ ጊዜ ያልፍበታል። የኤስኤፍአይ 16.1 ወይም 16.5 መለያ ያለው ከተመረተበት ጊዜ ጀምሮ ለሁለት ዓመት ብቻ የሚያገለግል ሲሆን፣ በኤፍአይኤ 8853-2016 ላይ የማብቂያው ዓመት ታትሞበታል። ፀሐይ ክሩን ስለሚያደክመው መለያው ባያልፍም የደበዘዘ፣ የተተረተረ ወይም ጠርዙ የተቆረጠ ቀበቶ ይቀየር፤ ከባድ ግጭት ያለፈበትም እንዲሁ። ሲታሰሩ መጀመሪያ የወገቡን ቀበቶ ከሆድ ዝቅ አድርገው በዳሌ አጥንት ላይ ያጥብቁ፣ የትከሻውን ከዚያ በኋላ ይሳቡ።

እሳት

የውድድር ቱታ ዓላማ ከመኪናው ለመውጣት የሚያስፈልገውን ጊዜ መግዛት ነው፤ ማንኛውም ቱታ እሳት ውስጥ ለመቆየት አልተሠራም። የኤስኤፍአይ 3.2ኤ ደረጃ ይህን በግልጽ ያሳያል። 3.2ኤ/1 የተባለው ሁለተኛ ደረጃ ቃጠሎ እስኪደርስ 3 ሰከንድ ያህል ይሰጣል፤ 3.2ኤ/5 ደግሞ 10 ሰከንድ። ቀበቶ ፈትቶ፣ የመስኮት መረብ አውርዶ፣ በሮል ኬጅ መካከል ሾልኮ ለመውጣት ምን ያህል እንደሚፈጅብዎት ቆመው ይለኩ፤ ከዚያ የትኛው ቱታ እንደሚያስፈልግ ራሱ ይነግርዎታል። በእኔ እምነት ለውድድር ከ3.2ኤ/5 በታች አይገዛም፤ የኤፍአይኤ 8856-2018 ካለው የተሻለ ነው። የአውቶክሮስና የጀማሪ ትራክ ቀናት ብዙውን ጊዜ ቱታ አይጠይቁም፤ ረጅም እጅጌ ያለው ከጥጥ የተሠራ ልብስና ረጅም ሱሪ በቂ ይሆናል።

ከቱታው ሥር የሚለበሰውን ብዙ ሰው ይዘነጋል። ናይሎንና ፖሊስተር ሙቀት ሲያገኛቸው ቀልጠው ቆዳ ላይ ይጣበቃሉ፤ የስፖርት ቲሸርትና ካልሲም ከእነዚህ ስለሚሠሩ ከቱታ ሥር መልበስ አይገባም። ከኖሜክስ ወይም ከመሰል እሳት የሚቋቋም ክር የተሠራ የውስጥ ልብስ አንድ ተጨማሪ ሽፋን ከመሆኑም ሌላ በመካከሉ የሚይዘው አየር ሙቀቱን ያዘገያል። በዚያው ምክንያት ቱታ ሰውነት ላይ የተጣበቀ ሳይሆን ትንሽ ላላ ያለ፣ ሲቀመጡ ግን እግርና እጅን የማያሳጥር መሆን አለበት፤ ስለዚህ ሲሞክሩት ተቀምጠው፣ እጅዎን እንደ መሪ ዘርግተው ይሞክሩት።

ኖቬምበር 29 ቀን 2020 በባህሬን ግራንድ ፕሪ የፎርሙላ ዋን ነጂው ሮማን ግሮዣን በሰዓት 192 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከብረት መከላከያው ጋር ተጋጭቶ መኪናው ለሁለት ተቆርጦ ሲነድ፣ በ30 ሰከንድ ውስጥ በራሱ ጉልበት ወጥቷል። ሄሎው (ከነጂው ራስ በላይ ያለው መከላከያ ቅስት)፣ ሄልሜቱ፣ ሃንሱና ቱታው እያንዳንዳቸው ድርሻቸውን ተወጥተዋል፤ ክፉኛ የተቃጠለው እጁ ነበር። ለመውጣት ሁልጊዜ የሚይዙት ብረት የሚግለው በእጅዎ ሥር ነውና ጓንት እንደ ተጨማሪ ጌጥ አይታይ። መዳፉ የተበሳ፣ ስፌቱ የተለቀቀ ወይም በዘይት የራሰ ጓንት ይቀየር። ጫማው ሶሉ ቀጭን ሆኖ ፍሬኑን ለመሰማት የሚያስችል፣ ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ይሁን። ቱታም ሆነ ጓንት ቤንዚን ወይም ዘይት ከነካው የአምራቹን የአጣጠብ መመሪያ ተከትሎ ሳይታጠብ መለበስ የለበትም።

ካርቲንግና ሞተር ሳይክል

ካርት ሮል ኬጅ ስለሌለው ነጂውም ቀበቶ አያደርግም፤ ሲገለበጥ ሰውየው ከካርቱ መለየቱ ይመረጣል። ስለዚህ እዚህ የሚፈለገው ከመሬት ጋር መፋተግን የሚቋቋም ቱታ፣ ኬ ወይም ኤስኤ ሄልሜትና የጎን አጥንት መከላከያ ነው። አዋቂዎች ይህን መከላከያ ይንቁታል፤ ነገር ግን የካርት ወንበር ጠንካራ ፋይበር ስለሆነና ጎማው ሁሉንም ንዝረት ወደ ሰውነት ስለሚያስተላልፍ የጎን አጥንት መሰንጠቅ በካርቲንግ የተለመደ ጉዳት ነው። ደረጃው ኤፍአይኤ 8870-2018 ነው። መከላከያው ከወንበሩ ጋር ስለሚጨናነቅ ወንበር ከመግዛት በፊት ይገዛ።

የሞተር ሳይክል ትራክ ሄልሜት በአውሮፓ ኢሲኢ 22.06፣ በአሜሪካ ስኔል ኤም2020 ወይም ኤም2025 ያለው ይሁን። 22.06 ከቀድሞው የሚለየው በተለያየ ፍጥነት ከመፈተኑም በላይ ራስን የሚያዞረውን የሰያፍ ግጭት ጉልበት ስለሚለካ ነው። ልብሱ ከላይ እስከ ታች አንድ የሆነ ቆዳ፣ ወይም ጃኬትና ሱሪው በወገብ ዙሪያ ሙሉ በዚፕ የሚገናኝ መሆን አለበት፤ ሁለት ተለያይቶ የሚለበስ ልብስ በአስፋልት ላይ ሲንሸራተቱ ተገልጦ ጀርባን ያጋልጣል። የጀርባ መከላከያ በአውሮፓው ኢኤን 1621-2 መስፈርት ሁለት ደረጃ አለው፤ ደረጃ 1 የሚያሳልፈው አማካይ ጉልበት እስከ 18 ኪሎኒውተን፣ ደረጃ 2 ግን እስከ 9 ኪሎኒውተን ብቻ ስለሆነ ሁለተኛውን ይምረጡ። በከፍተኛው የሞተር ሳይክል ውድድር በሞቶጂፒ ከ2018 ጀምሮ ግዴታ የሆነው የኤርባግ ልብስ አሁን ለአማተርም ይሸጣል፤ አቅም ላለው ሰው ከሄልሜት ቀጥሎ የምመክረው እሱን ነው።

ስለ ግዢና አያያዝ

ያገለገለ ቱታ ስፌቱና መለያው ደህና ከሆነ ሊገዛ ይችላል። ያገለገለ ሄልሜትና ያገለገለ ቀበቶ ግን አይገዙ። በግጭት የተጨፈለቀ ፎም ተመልሶ አይነሳም፤ ከውጭ ቀለሙ ሳይጫር ውስጡ ሥራውን ጨርሶ ሊሆን ይችላል፣ ይህንንም በዓይን አይቶ ማወቅ አይቻልም። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ለዘመድ ወደ አገር ቤት ሄልሜት የሚልክ ሰው የራሱን አሮጌ ከሚልክ ዋጋው አነስ ያለ፣ መለያው የተረጋገጠ አዲስ ቢልክለት ይበልጥ ይጠቅመዋል፤ ጉዞው ላይም በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቢያዝ ከመወርወር ይድናል።

ሄልሜቱን በመኪና ኮፈን ላይ ወይም በሞተር ሳይክል መስታወት ላይ አይስቀሉ፤ በፀሐይ በጋለ መኪና ውስጥም አይተዉት። ቤንዚን፣ ቀለም ማቅጠኛና ጠንካራ የጽዳት ኬሚካል ሽፋኑንና ፎሙን ያዳክማሉ፤ ለብ ያለ ውኃና ለስላሳ ሳሙና ይበቃዋል። ቀለም ማስቀባት ወይም ስቲከር መለጠፍ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ አምራቹ የሚፈቅደውን ይጠይቅ። ካሜራ በላዩ ላይ መግጠምን ብዙ ክለቦች ይከለክላሉ፤ ከመኪናው ብረት ላይ መግጠም ይሻላል።

ስኔል ሄልሜት ሥራ ላይ ከዋለ ከአምስት ዓመት በኋላ እንዲቀየር ይመክራል። ላብ፣ የፀጉር ቅባትና የየቀኑ አጠቃቀም ስፖንጁንና ሙጫውን ስለሚያረጁት፣ ፀጉሩን አዘውትሮ ቅባት የሚቀባ ሰው የውስጥ ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ማጠብ አለበት። ከባድ ግጭት ያለፈበት ሄልሜት ግን ዕድሜው ሳይታይ በዚያው ቀን ከሥራ ይውጣ። ሲያስወግዱትም ሌላ ሰው አንስቶ ወይም ገዝቶ እንዳይጠቀምበት የአገጩን ማሰሪያ በመቀስ ይቁረጡና የስኔል መለያውን ቀደው ያውጡት።